ለተገፋው ፊልም ጠበቃ ልቁምለት

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይላሉ አበው። ይህ አባባል ብዙውን ጊዜ የሚጠቀሰው ስለ ፍርድ፣ ስለ ታሪክና ስለ ፖለቲካ ሲወራ ነው። እኔ ግን ዛሬ የምጠቅሰው ለአንድ ፊልም ነው፤ ያውም ጥቁር ካባ ለብሶ በሌሊት ከጣራ ጣራ ስለሚዘል ሰው ለተሠራ ፊልም። ውድ አንባቢያን፣ «የሚጻፍበት ስንት ጉዳይ እያለ ይህ ሰውዬ ምን ነካው?» ብላችሁ ገጹን ከመዝጋታችሁ በፊት ጥቂት ታገሡኝ። የማነሣው ፊልም ከላይ ሲያዩት የልጆች ጨዋታ ይመስላል። ውስጡ ሲገቡ ግን የሚናገረው ስለ ምርጫ፣ ስለ ፊርማ ማሰባሰብ፣ ሆን ተብሎ ስለሚፈበረክ ሽብር፣ ስለ ባለሀብትና ስለ ሥልጣን ነው። እነዚህ ደግሞ ለዚህ ገጽ አንባቢ ባዕድ ጉዳዮች አይደሉም።

ፊልሙ «ባትማን ሪተርንስ» ይባላል፤ «ባትማን ተመለሰ» እንደማለት ነው። አሜሪካ ውስጥ ለሕዝብ የቀረበው እ.ኤ.አ. ጁን 19 ቀን 1992፣ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 12 ቀን 1984 ዓ.ም. ነበር። ዳይሬክተሩ ቲም በርተን፣ የፊልሙ ጸሐፊ ዳንኤል ዎተርስ፣ ሙዚቃውን የደረሰው ዳኒ ኤልፍማን ነው። ማይክል ኪተን ባትማንን፣ ሚሼል ፋይፈር ካትዉማንን፣ ዳኒ ዴቪቶ ፔንግዊንን፣ ክሪስቶፈር ዎከን ደግሞ ማክስ ሽሬክ የተባለውን ከበርቴ ሆነው ተጫውተዋል። በርተን ከሦስት ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1989፣ የመጀመሪያውን «ባትማን» ሠርቶ በዓለም ዙሪያ ከ400 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቶ ስለነበር፣ ዋርነር ብራዘርስ ለሁለተኛው ፊልም እንደልቡ እንዲሠራ ሰፊ ነጻነት ሰጠው። ጠቡም የመነጨው ከዚሁ ነጻነት ነው።

ክሱ ምን ነበር?

ፊልሙ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ብቻ 45 ሚሊዮን ዶላር አልፎ የዘመኑን ክብረ ወሰን ሰበረ። ከዚያ በኋላ ግን ገበያው ቀዘቀዘ። በመጨረሻ በዓለም ዙሪያ ያስገባው 267 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ይህ ገንዘብ ለማንኛውም ሌላ ፊልም ሠርግና ምላሽ በሆነ ነበር፤ ከታላቅ ወንድሙ ጋር ሲነጻጸር ግን ውድቀት ተባለ።

ከገንዘቡ በላይ የጮኸው የወላጆች ቁጣ ነው። ማክዶናልድስ ለሕጻናት በሚሸጠው የምግብ ሳጥን ውስጥ የፊልሙን መጫወቻዎች ጨምሮ ነበር። ልጅ መጫወቻውን ሲያገኝ ፊልሙ ካልታየልኝ ብሎ ማልቀሱ አይቀርም። ወላጅ ልጁን ይዞ ሲኒማ ቤት ሲገባ የጠበቀው ምንድን ነው? በገና ሌሊት ሕጻን ልጃቸውን ከነጋሪው ወንዝ የሚወረውሩ ሀብታም ወላጆች፣ ጥሬ ዓሣ እየበላ ከአፉ ጥቁር ዝቃጭ የሚያዝረበርብ ፔንግዊን፣ ከፎቅ ተገፍትራ የምትወድቅ ጸሐፊ። ፊልሙ ከ13 ዓመት በታች ላሉ ልጆች የወላጅ ጥንቃቄ እንደሚያሻ የሚገልጽ ደረጃ ተሰጥቶት ነበር። ነገር ግን መጫወቻው ከሳንድዊቹ ጋር የሚታደለው ለሦስትና ለአራት ዓመት ልጅ ጭምር ነው።

እዚህ ላይ የእኛ ሰው «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚለው ይመጣል። ወላጆቹ መቆጣታቸው ትክክል ነበር። ለአዋቂ የተሠራን ፊልም በሕጻናት ምግብ ሳጥን ጠቅልሎ መሸጥ ነውር ነው። ግን ጥፋቱ የማን ነው? የፊልም ሠሪው ነው ወይስ የነጋዴው? ዱላው ያረፈው በፊልም ሠሪው ላይ ነው። ለሦስተኛው ፊልም ቲም በርተን በዳይሬክተርነት አልቀጠለም፤ ቦታው ለጆኤል ሹማከር ተሰጠ፤ በርተን ስሙ በፕሮዲዩሰርነት ብቻ ቀረ። ማይክል ኪተንም ባትማንነቱን ትቶ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው «ባትማን ፎርኤቨር» በቀለማት ያሸበረቀ፣ ሣቅ የበዛበት፣ ለመጫወቻ ገበያ የተመቸ ሆነ። 336 ሚሊዮን ዶላር ገደማም አስገባ። ነጋዴዎቹ እጃቸውን አጨበጨቡ። በዚያው መንገድ ገፍተው እ.ኤ.አ. በ1997 «ባትማን ኤንድ ሮቢን» ሲያወጡ ግን ተመልካቹም ሐያሲውም አንድ ላይ ተሳለቁበት፤ ገቢውም ከሁለተኛው ፊልም በታች ወረደ። ከዚያ በኋላ ባትማን እስከ 2005 ድረስ፣ ማለትም ለስምንት ዓመታት፣ ከሲኒማ ጠፋ። ጨለማውን ሸሽተው በቀለም የሄዱት ሰዎች የደረሱበት ገደል ይህ ነው።

ፊልሙ በእርግጥ የሚናገረው ምንድን ነው?

ታሪኩን በአጭሩ ላስቀምጥ። ማክስ ሽሬክ የጎተም ከተማ ትልቅ ከበርቴ ነው። በገና ሰሞን በአደባባይ ለሕዝቡ ስጦታ ስለሚበትን የከተማዋ የገና አባት እየተባለ ይሞገሳል። ይህ ደግ የተባለ ሰው አዲስ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ላሠራ ብሎ ፈቃድ ይጠይቃል። ጸሐፊው ሴሊና ካይል ፋይሎቹን ስታገላብጥ ግን ጣቢያው ኃይል የሚያመነጭ ሳይሆን ከከተማዋ እየመጠጠ የሚያከማች መሆኑን ትደርስበታለች። ጌታዋ ምንም ሳያመነታ በመስኮት ገፍትሮ ይጥላታል።

ከንቲባው ደግሞ ፈቃዱን አልሰጥም ብሏል። ታዲያ ከንቲባ አልታዘዝ ሲል ከበርቴ ምን ያደርጋል? ሌላ ከንቲባ ይሠራል። የሚሠራውም ኦስዋልድ ኮብልፖት ከተባለው ፔንግዊን ነው። ይህ ሰው ሲወለድ አካሉ የተበላሸ በመሆኑ ወላጆቹ በገና ሌሊት በቅርጫት አድርገው ውኃ ውስጥ የጣሉት፣ በቆሻሻ ፍሳሽ ቦይ ተንሳፍፎ በተተወ የእንስሳት ማቆያ ውስጥ በፔንግዊኖች መካከል የኖረ ነው። ከ33 ዓመት በኋላ ወደ ላይ ይወጣል። እንዴት እንደሚወጣ ልብ በሉ። የራሱ የሰርከስ ወንበዴዎች የከንቲባውን ሕጻን ልጅ በጠራራ አደባባይ ይነጥቃሉ፤ ሕጻኑን ይዘው ወደ ቦዩ ይገባሉ፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ፔንግዊን ሕጻኑን አቅፎ ብቅ ይላል። ጋዜጠኞች ይረባረባሉ፤ እናት ታለቅሳለች፤ ሕዝብ ያጨበጭባል። እሳቱን የለኮሰው እሱ፣ እሳት አጥፊውም እሱ!

ቀጥሎ ሽሬክ ከንቲባው ከሥልጣን ይነሣ የሚል ፊርማ ያዘጋጃል። ፊርማው ብቻውን እንደማይበቃ ያውቃል፤ ሕዝቡ ፈርቶ «አዳኝ ያለህ!» ማለት አለበት። ስለዚህ ወንበዴዎቹ ከተማዋን ያሸብራሉ፤ ፔንግዊን ደግሞ በመድረክ ላይ ቆሞ ጸጥታ ጠፋ እያለ ከንቲባውን ይከሳል። አንዲት ወጣት ሴት ተጠልፋ ትገደልና ግድያው በባትማን ላይ ይላከካል። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይህ ነው።

ነገሩ አጋጣሚ ነው እንጂ ሌላ ትርጉም ልሰጠው አልፈልግም፤ ፊልሙ አሜሪካ ውስጥ በወጣ በሁለተኛው ቀን፣ ሰኔ 14 ቀን 1984 ዓ.ም.፣ በሀገራችን የክልልና የወረዳ ምርጫ ተካሂዶ ነበር። ኦነግ ከምርጫው የወጣውም በዚያው ሰሞን ነው። የብዙዎቻችን ዓይንና ጆሮ ወደዚያ ስለነበር ስለ ባትማን ለማሰብ ጊዜም ሐሳብም አልነበረንም። የበርተን ፊልም ስለ እኛ የሚያወራው አንድም ነገር የለም፤ ጎተምም አዲስ አበባ አይደለችም። ነገር ግን ምርጫ እንዴት እንደሚሸረብ፣ ፍርሃት እንዴት ወደ ድምጽ እንደሚለወጥ በዓይኑ ያየ ሰው ይህን ፊልም ሲመለከት፣ ያንን ካላየው ተመልካች በተለየ መንገድ ይገባዋል ባይ ነኝ።

የተበደለ ሁሉ ትክክል ነው?

ፊልሙ ከፍ ያለ ክብር ይገባዋል የምልበት ዋናው ምክንያት ግን የምርጫው ቲያትር አይደለም። እሱን ሌሎችም አሳይተውታል። ዋናው ምክንያት ለበደል የሚሰጠው ቦታ ነው።

ፔንግዊን የምር የተበደለ ሰው ነው። ገና በቅርጫት ሳለ ወላጆቹ ጥለውታል። መጽሐፍ ቅዱስ የምናነብ ሰዎች የሙሴን ቅርጫት እዚህ ውስጥ ወዲያው እናያለን። ልዩነቱ ሙሴን እናቱ የጣለችው ልታድነው ሲሆን ይህን የጣሉት ሊገላገሉት መሆኑ ነው። ሕዝቡ ፊት ቆሞ ወላጆቼን ፈልጌ ላግኝ ሲል ማን ያላዝናል? የከተማው መዝገብ ቤት ተከፍቶለት ስም ሲለቅም ጋዜጠኛ እንኳ እንዳይረብሸው ይደረጋል። እሱ ግን የሚለቅመው የወላጆቹን ስም ብቻ አይደለም፤ የከተማዋን ሀብታሞች የበኩር ልጆች ስም ዝርዝር ነው። በእሱ የደረሰውን በሌሎች ሕጻናት ላይ ሊያደርስ ነው። ሙሴ ሆኖ የመጣው ሰው ሄሮድስ ሆነ።

ይህን ነጥብ በስደት ለምንኖርና በፖለቲካ ለተጠመድን ሰዎች ደጋግሜ ባነሣው ደስ ይለኛል። በደል እውነተኛ መሆኑ ተበዳዩ የያዘውን ዝርዝር ትክክለኛ አያደርገውም። የተገፋ ሰው ሲመለስ ምን ይዞ ይመለሳል? ፍትሕ ነው ወይስ የስም ዝርዝር? ብዙ ፊልሞች ክፉውን ሰው ያለ ምክንያት ክፉ፣ የተበደለውን ደግሞ ያለ ጥርጥር ቅዱስ አድርገው ያቀርባሉ። በርተን ሁለቱንም እንቢ አለ። ለፔንግዊን እንድናዝን አደረገን፤ ማዘናችንን ግን ለማታለያ ሲጠቀምበትም አሳየን። መጨረሻ ላይ ሲሞት ፔንግዊኖቹ በዝምታ ተሸክመው ወደ ውኃው ሲያወርዱት፣ ያ ሁሉ ክፋቱ ሳይረሳን ሆዳችን ይባባል። እንዲህ ያለ ድብልቅልቅ ስሜት የሚፈጥር የጀግና ፊልም ከዚያም ወዲህ ብዙ አላየሁም።

ሴሊና ካይልም የተበደለች ናት። ቡና አቅራቢ፣ ፋይል አዘጋጂ፣ ሐሳብ ስትሰጥ የሚስቁባት ጸሐፊ ነበረች። ከሞት ተርፋ ስትነሣ የቪኒል ካፖርቷን ቀዳ በእጇ ሰፍታ የካትዉማንን ልብስ ትሠራለች። ስፌቱ ከውጭ የሚታይ፣ ጠባሳ የሚመስል ነው፤ ፊልሙ እየገፋ ሲሄድም ልብሱ እየተቀደደ ይሄዳል፤ እሷም አብራው። ሚሼል ፋይፈር በዚህ ክፍል ያሳየችው ብቃት እስከ ዛሬ መለኪያ ሆኖ ቀርቷል። ብሩስ ዌይንም ወላጆቹን በግድያ ያጣ ልጅ ነው። እንግዲህ ሦስት የተበደሉ ሰዎች አሉን፤ አንዱ በቀል፣ አንዷ ቁጣ፣ አንዱ ብቸኝነት መርጠዋል። አራተኛው፣ ማንም ያልበደለው ሽሬክ፣ ጭምብል አያደርግም። አያስፈልገውማ! የተከበረ ዜጋ ነውና።

ጭምብል ካነሣን አንድ ትዕይንት ልጥቀስ። ሽሬክ ባዘጋጀው ድግስ ላይ የከተማዋ ባለሀብት ሁሉ ጭምብል አድርጎ ይጨፍራል። ጭምብል ሳያደርጉ የመጡት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ብሩስና ሴሊና። በሌሊት ጭምብል የሚያደርጉት ሁለቱ፣ ሌላው ሁሉ ሲሸፋፈን ፊታቸውን ገልጠው መጡ። እየጨፈሩ በሚለዋወጡት አንድ ዓረፍተ ነገር አንዳቸው የሌላውን ማንነት ያውቃሉ። ደስታ መሆን የነበረበት ቅጽበት በድንጋጤ ይሞላል። ንግግር ሳይበዛ፣ ፍንዳታ ሳይኖር፣ ፊልሙ ያለውን ሁሉ የሚናገረው እዚያ ላይ ነው።

ከላይ የተጣለው ሁሉ ከታች ይጠራቀማል

ሌላው የሚያስገርመኝ የፊልሙ ፖለቲካ ግልጽነት ነው። ፔንግዊን ሽሬክን በእጁ የሚያስገባው በጉልበት አይደለም። ሽሬክ ንጹሕ ነው ከሚለው ፋብሪካው የወጣውን መርዘኛ ፍሳሽ፣ በወረቀት መቁረጫ አድቅቆ የጣላቸውንና ፔንግዊን በትዕግሥት የገጣጠማቸውን ሰነዶች፣ የጠፋውን የንግድ ሸሪኩን የአካል ክፍል ሳይቀር ከቦዩ ለቅሞ ይዟል። የላይኛው ከተማ የጣለው ሁሉ ታች ይጠራቀማል። ፋይል በመቅደድ ታሪክ አይጠፋም ማለት ነው።

ሕዝቡንስ እንዴት አቀረበው? ባትማን የፔንግዊንን የምሥጢር ንግግር ቀድቶ በምረጡኝ ስብሰባው ላይ በድምጽ ማጉያ ሲለቅቀው፣ ሕዝቡን እንዴት እንደሚንቅ በገዛ አንደበቱ ይሰማል። ያ ሲያጨበጭብ የነበረ ሕዝብ በአንድ አፍታ ተገልብጦ ቲማቲምና እንቁላል ይወረውርበታል። ብዙ ሰው ይህን ትዕይንት እንደ ድል ያየዋል። እኔ በበኩሌ ፍርሃት ይሰማኛል። ያ ሕዝብ ፔንግዊንን ሲያነግሥም ሲጥለውም ያልጠየቀው አንድ ጥያቄ አለ፤ «ይህን ሰውዬ ያመጣብን ማን ነው?» የሚለው። ሽሬክ መድረኩ ላይ ነበር። አንድም ቲማቲም አልደረሰበትም።

የሚነሡ ተቃውሞዎች

ጠበቃ ነኝ ብዬ የደንበኛዬን ጉድለት አልደብቅም። አንደኛ፣ ባትማን በገዛ ፊልሙ ውስጥ እንግዳ ሆኗል፤ ዘግይቶ ይመጣል፤ ጥቂት ይናገራል። ይህ እውነት ነው። ሁለተኛ፣ ባትማን ሰው ይገድላል። አንዱን ወንበዴ በመኪናው እሳት ያቃጥለዋል፤ በሌላው ላይ ፈንጂ ያስርበታል። ይኸው ሰው መጨረሻ ላይ ሴሊናን ሽሬክን ለፖሊስ እናስረክበው ብሎ ሲለምናት፣ «አንተስ?» ብንለው መልስ የለውም። ይህን እንደ ድክመት እቆጥረዋለሁ። ሦስተኛ፣ የፔንግዊን ዕቅድ ከምርጫ ወደ ጠለፋ፣ ከጠለፋ ወደ ሮኬት እየዘለለ ታሪኩን ይበታትነዋል።

አራተኛው ከሁሉ የከበደው ነው። በጁላይ 1992 በኒው ዮርክ ታይምስ ላይ የወጣ አስተያየት፣ የፔንግዊን አፍንጫ፣ አመጋገብና የበኩር ልጆች ዕቅድ በአይሁዶች ላይ የቆየውን የጥላቻ ሥዕል ያስታውሳል ሲል ከሶ ነበር። ይህ ክስ በቀላሉ የሚጣል አይደለም፤ እንዲህ ያለ ሥዕል አውሮፓ ውስጥ ምን እንዳስከተለ እናውቃለንና። በእኔ ንባብ ግን ፊልሙ ፔንግዊንን ከባለጸጋና ከተከበረ ቤት የተጣለ አድርጎ ማቅረቡ፣ እውነተኛውን ክፋትም በሽሬክ ላይ ማስቀመጡ፣ የጥላቻውን ታሪክ ይሰብረዋል። መልኩም ቢሆን የድሮዎቹን የጀርመን ድምጽ አልባ የሽብር ፊልሞች ያስታውሳል፤ ማክስ ሽሬክ የሚለው ስም ራሱ እ.ኤ.አ. በ1922 በወጣው «ኖስፈራቱ» ላይ የተጫወተው ተዋናይ ስም ነው። ይህን ንባቤን የማይቀበል ሰው ቢኖር ግን ቅሬታው ተገቢ ነው እላለሁ።

ጊዜ የሰጠው ፍርድ

አሁን ከሠላሳ ዓመታት በላይ አልፏል። ጨለማ የበዛበት የጀግና ፊልም አይሸጥም የተባለው ነገር ምን ሆነ? እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የክሪስቶፈር ኖላን «ዘ ዳርክ ናይት» አንድ ቢሊዮን ዶላር አለፈ፤ ሂዝ ሌጀርም ከሞተ በኋላ ኦስካር ተሸለመ። እ.ኤ.አ. በ2019 «ጆከር» ከ17 ዓመት በታች ያሉ ያለ ወላጅ ወይም አሳዳጊ እንዳይገቡ የሚከለክል ደረጃ ይዞ ቢሊዮኑን ተሻገረ። ማይክል ኪተን እ.ኤ.አ. በ2023 «ዘ ፍላሽ» ላይ የባትማንን ካባ መልሶ ለበሰ። ፔንግዊን ራሱ እ.ኤ.አ. በ2024 በኮሊን ፋረል ተዋናይነት የራሱ ተከታታይ ድራማ ተሠራለት። በ1992 እንደ ነውር የተቆጠረው ዛሬ ወግ ሆኗል። መንገዱን የጠረገውን ግን ብዙ ሰው አያስታውሰውም፤ የሚነገረው ሁልጊዜ ስለ ኖላን ነው። ኖላን ክብሩ ይገባዋል። ይሁንና የኖላን ፊልሞች ሥርዓት ሲናጋ ያሳያሉ፤ የበርተን ፊልም ግን ሥርዓቱ ራሱ፣ ምንም ሳይናጋ፣ በገና መብራት አሸብርቆ፣ እንዴት ሰው እንደሚበላ ያሳያል። ለእኔ ሁለተኛው ይበልጥ ያስፈራል።

እንግዲህ ፍርዱን ለአንባቢ እተዋለሁ። ፊልሙ ስለ ገና ቢሆንም በበጋ የወጣ፣ ለአዋቂ ቢሆንም ለሕጻን የተሸጠ ነውና ገና ከመጀመሪያው ዕድል የጎደለው ነበር። እኛ ግን የተሻለ ዕድል አለን። የፈረንጆቹ ገና አልፎ የእኛው እስኪደርስ ባሉት ቀናት፣ ልጆቹን አስተኝታችሁ፣ አንድ ምሽት ስጡት። ስታዩትም ዓይናችሁን ከባትማን ላይ አንሥታችሁ በሽሬክ ላይ አድርጉ። ሲያጨበጭቡለት ተመልከቱ፤ ሲወረወር የት እንደቆመ ተመልከቱ። ከዚያ በኋላ የልጆች ፊልም ነው የምትሉ ከሆነ አልከራከራችሁም።

ቸር ይግጠመን።